ቆጥ ላይ የነበረው የጣራ ገዳም ጌሾ

የዚያን ቀን በአክስቴ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። ባለቤቷ አክስቴ፤ በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። ከመደቡ ራስጌ የማኅበሩ ቄስ። ከእሳቸው ቀጥሎ አጎቴ፣ የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ከፎገራ ሜዳ በማለዳ የመጡ ሩዝ አራሽ። ከአጎቴ ጎን እሳቸውን ያመጣቸው ባለባጃጅ፣ በአክስቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ከጓዳው በር ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ሆና፣ ጠላውን ከአክስቴ ጋር የጠመቀችው ጎረቤታችን። ከግድግዳው ሥር ሦስት ማኅበርተኛ እናቶች፤ አንደኛዋ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፣ ሁለተኛዋ ቀደም ብለው ሄደዋል፣ ሦስተኛዋ ግን ሁሉን አይተዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነበርኩ።

ስም ያልጠራሁት ወረታ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ነው። የነበሩት ራሳቸውን ያውቃሉ። ማን የት እንደተቀመጠ ሳይቀር የምጽፈው፣ አንድ ፖስታ ሙሉ የደረቀ ቅጠል ስለጠፋብኝና የት እንደገባ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ነው።

የምተዳደረው ሞባይል በመጠገን ነው። ሱቄ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ብዙም አይርቅም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ብየዳ የምበይደው አንዱ መኪና አልፎ ሌላው እስኪመጣ ባለችው ፋታ ነው። የሞባይል ቦርድ የማይበት ባለሁለት ዓይን ማጉያ አለኝ። ሥራ በጠፋበት አንድ ቀን አክስቴ ከጓሮዋ የቆረጠችውን የጌሾ ቅጠል ከሥሩ አስገብቼ አየሁት። "ጌሾዬን ፈንጣጣ ያዘው" እያለች ስታማርር ሰንብታ ነበር። እውነትም ፈንጣጣ ይመስላል፤ ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፣ የነጠብጣቡ መካከል አመድማ ነው፣ ዙሪያው ጠቆር ያለ ቀለበት አለው። በማጉያው ሳየው ግን አመድማው ላይ ጭገር የመሰለ ነገር በእፍኝ በእፍኝ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም።

"እቴቴ፣ ፈንገስ ነው" አልኳት።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሻጋታ ዘመድ ነው።"

ያን መልስ መስጠት አልነበረብኝም። እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ልጄ ሻጋታ ያጠናል" እያለች ታስተዋውቀኛለች። ባለባጃጁም ይህን ሰምቶ፣ ያደረ እንጀራ ባየ ቁጥር "ናማ፣ ትምህርትህ እዚህ በቅሎልሃል" ይለኛል።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ኢንተርኔት በሚሠራበት ሰሞን መጻሕፍት አወርዳለሁ፣ በማይሠራበት ሰሞን አነባለሁ። ከተዘጋ ክሊኒክ የወጣ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ገዝቼ ሌንሱን ራሴ አጸዳሁት። ቅጠል በምላጭ መሰንጠቅን፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ግሊሰሪን ላይ ማኖርን በብዙ ብልሽት ተማርኩ። አንድን ፈንገስ መለየት ማለት በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየመለሱ መሄድ ማለት ነው። ፈንገሱ የሚራባበት ዘር የሚቆመው በግልጽ ነው ወይስ በዕቃ ውስጥ? በግልጽ ከሆነ ጭገሩ ነጠላ ነው ወይስ በእፍኝ? ዘሩ ቀለም አለው? በውስጡ መከፋፈያ ግድግዳ አለው? ከላይ አንዷን ጥያቄ የተሳሳተ ሰው የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢመልስ እንኳ የሚደርሰው የማይሆን ቤት ነው።

የጓሯችን ጌሾ ጥያቄዎቹን ሳያስቸግር መለሰ። ዘሩን በጭገር ጫፍ ላይ፣ በግልጽ የሚይዝ፣ ሰርኮስፖራ ከሚባለው ወገን ነው። እዚያ ላይ አቁሜ አርፌ መቀመጥ እችል ነበር፤ የጣራ ገዳሙ ቅጠል ባይመጣ።

እሱን ያመጣሁት መንገዱ ደህና በነበረበት ሳምንት፣ ከገዳሙ ግርጌ ካለ ከአንዲት ሴት አጥር ነው። ነጠብጣቡ ሲያዩት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ስፋቱም ቀለበቱም። መካከሉ ላይ ግን ጭገር የለም። በመርፌ ጫፍ የተነቀሱ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ነጥቦቹ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የተቀበሩ ትንንሽ እንስራዎች ከሆኑና በውስጣቸው እንደ ክር የቀጠነ ዘር ካለ፣ ሰፕቶሪያ የሚባል ሌላ ወገን ነው። እንደዚያ ከሆነ አገሩ ሁሉ ፈንጣጣ ብሎ የሚጠራው አንድ በሽታ ሁለት ነው ማለት ነው። ወይም ደግሞ ነጥቦቹ የእኛው ፈንገስ ሲያረጅ የሚተዋቸው ቅሪቶች ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በየትም ተጽፎ አላገኘሁም።

ይህን የሚያስረዳው ነጥቡን ሰንጥቆ ማየት ነው። የተሰነጠቀ ነጥብ ደግሞ አይመለስም። እጄ ገና ያልለመደ ስለነበር የጣራ ገዳሙን አስቀምጬ በእኛው ቅጠል ላይ ስለማመድ ከረምኩ። ቆጠብኩት። በመካከል ለሴትዮዋ ብደውል "ያ ጌሾማ ደረቀ፤ ነቅለን ማገዶ አደረግነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ያ ፖስታ ብቻ ሆነ።

በቴሌግራም የማውቃት አንዲት የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ አለች። ፎቶ ስልክላት "በፎቶ አይለይም" ትለኛለች፤ ልክ ናት። በመጨረሻ ወደ ጎንደር ስታልፍ ወረታ ላይ ቆማ ናሙናዎቹን እንደምትወስድልኝ፣ ከሌሎች ጋር ተስተያይተው ሁለት ይሁኑ አንድ እንደሚወሰን ነገረችኝ። ከሦስት ቦታ እንዲሆኑ ፈለገች፤ ከወረታ፣ ከአንበሳሜና ከጣራ ገዳም። የምትመጣው ከአክስቴ ማኅበር በኋላ ነበር።

የፎገራን ክረምት ያየ ሰው ደረቅ ነገር ደረቅ አድርጎ ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ውኃው ከሩዙ ማሳ አልፎ ወደ መንገዱ ይጠጋል፤ ጫማ ይሻግታል፣ መጽሐፍ ይሻግታል፣ የወገብ ቀበቶዬ ሳይቀር ሻግቶብኛል። ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አድርጌ፣ በላዩ የሞተ የባጃጅ ባትሪ ጭኜ፣ ጋዜጣውን ሁልጊዜ እየቀየርኩ አድርቄዋለሁ። ከሱቄ ግን እርጥበቱ አይጠፋም። በምናውቀው ቤት ሁሉ ደረቅ የሆነ ቦታ አንድ ነው፤ ከአክስቴ ማድቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ። በርበሬዋን፣ ብቅሏንና ጌሾዋን የምታኖረው እዚያ ነው።

ቅጠሉን በካኪ ፖስታ አድርጌ በላዩ በትልቁ "ጌሾ፣ ጣራ ገዳም" ብዬ ጻፍኩ። የሚጻፈው እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ተክሉ፣ ቀጥሎ ቦታው። ጽሑፌ ይነበባል። "እቴቴ፣ ይህችን ቆጥ ላይ አኑሪልኝ" አልኳት። "እሺ" አለች። እኔ ብዙ አላወራም፣ እሷም ብዙ አልጠየቀችም። የአንበሳሜውን ቅጠል ለመሰብሰብ ሄድኩ፤ እዚያ ዝናብ ያዘኝና ሰነበትኩ።

ተመልሼ የደረስኩት ለማኅበሩ ነው።

ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጎረቤታችን ጠላውን ቀዳች። እኔም ብርጭቆዬን እስከ ግማሽ ጠጣሁ። ጥሩ ጠላ ነበር፤ ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ያኔ አክስቴ ከጓዳው ወጥታ መሐል ቤት ቆመች።

"አባ፣ ይህ ጠላ እንዲያው ጠላ ብቻ እንዳይመስልዎ" አለች። "የጣራ ገዳም ጌሾ ነው ያለበት።"

"የጣራ ገዳም?" አሉ ቄሱ።

"የጣራ ገዳም! ልጄ ነው ያመጣልኝ። ተራዬ መድረሱን አስቦ፣ ገዳም ድረስ ሄዶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆጥ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። እኔማ በምን አውቄ? እሷ አንብባልኝ ነው እንጂ!" በአገጯ ወደ ጎረቤታችን አሳየች።

ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ራሷን ነቀነቀች። "ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ጌሾ፣ ጣራ ገዳም።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እጅህን ይባርከው። የልብህን መሻት ይፈጽምልህ።"

ሁሉም "አሜን" አሉ። ጆሯቸው የደከመው እናት ዘግይተው ብቻቸውን "አሜን" አሉ። የልቤ መሻት ጋኑ ውስጥ ነበር፤ ግማሹም ሆዴ ውስጥ።

"እኔም እኮ ዛሬ ምን ነካኝ ስል ነበር" አለ ባለባጃጁ። "ገና ሁለተኛዬ ነው፣ መመንኮስ አማረኝ።"

"እቴቴ፣ ሁሉንም ነው የጨመራችሁት?" አልኩ።

"ታዲያ ለማን ላስቀር? ለማርያም አይደል?"

"አንድም አልተረፈ?"

አጎቴ አዩኝ። "ምነው አንተ? ፊትህ ዐመድ መሰለ።"

"ጋሼ፣ እሱ ለጠላ አልነበረም።"

"ጌሾ ለጠላ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለብቻዬ አስቤበታለሁ፤ እስካሁንም አጎቴን የሚያሳምን መልስ የለኝም። ያን ጊዜ የመጣልኝ መልስ ግን ከሁሉ የከፋው ነበር።

"እኔ የምፈልገው በሽታውን ነበር" አልኩ።

ቄሱ ብርጭቋቸውን ከከንፈራቸው መለሱት። "የምን በሽታ?"

"የጌሾ ነው አባ። ሰው አይዝም።"

"እንግዲያው ፈንጣጣ ስንጠጣ ዋልን በሉኛ!" አለ ባለባጃጁ።

"አንተ!" አለች አክስቴ። "በጽዋ ጠላዬ ላይ እንዲህ አይባልም! ውጣልኝ፣ ባጃጅህ ውስጥ ተቀመጥ!" አልወጣም። እሷም እንደማይወጣ ታውቃለች።

ቢያንስ አተላውን ላየው ፈለግሁ። የተወቀጠ ቅጠል ሲፈላ ከርሞ ምን ሊተርፈው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ሰው ተስፋ ሲቆርጥ አተላም ይመኛል። አተላውን እንዲሰጡኝ ስጠይቅ አጎቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "አተላው የላሜ ነው። ጀሪካን ይዤ የመጣሁት ለእሱ ነው። እሷ ደግሞ ወልዳለች።"

"ትንሽ ብቻ፣ ጋሼ፣ በጣሳ።"

"ለላም ያሰቡትን ለሻጋታ!" አሉና ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ እስቲ ይፍረዱ።"

ቄሱ ነገሩን አክብደው አሰቡበት። የተባረከው ጠላው እንጂ አተላው እንዳልሆነ፣ ስለዚህ በአተላው ላይ ባለቤቷ እንደምትወስን ተናገሩ። አክስቴ ግን ተቆጥታለች፤ ለማንም አልሰጥም አለች።

ጎረቤታችን ከጓዳው በር ላይ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው።

"ኧረ ተዉት እባካችሁ! ፈንጣጣ ያለበትን መች ጨመርኩትና? ለቅሜ እኮ ነው የወቀጥኩት።"

"ምን አልሽ?" አለች አክስቴ።

"ለቀምኩት አልኩሽ። ፖስታውን ሰፌድ ላይ ብገለብጠው ሁሉም ነቁጥ ነቁጥ ነው። ለማርያም የታመመ ቅጠል ልውቀጥ? ነቁጥ ያለበትን አወጣሁ።"

"ታዲያ ስንት ቀረልሽ?"

"አንድ ሁለት ቅጠል ይሆናል። የቀረው የገበያው ነው፤ ያ ከአንበሳሜ የመጣው።"

አክስቴ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንድ ሁለት ቅጠል!" አለች። "እኔ አባ ፊት ቆሜ የጣራ ገዳም ጠላ ስል..." እሷ ስትቀመጥ እኔ ተነሳሁ። በዚያች ቅጽበት ከአክስቴ የተወሰደው ደስታ ሁሉ ወደ እኔ መጣ፤ ላዝንላት ይገባ ነበር፣ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

"የለቀምሽውን የት ጣልሽው?"

"ይጣላል እንዴ?" አለች ጎረቤታችን፣ እኔን ልትቆጣ ምንም አልቀራትም። "የገዳም ነገር ይጣላል? ሰው ከማይረግጠው ቦታ አኖርኩት።"

"የት?"

"ከአጥሩ ውስጥ መሰለኝ። ወይስ... ቆይ፣ ከማድቤቱ ኋላ ከግድግዳው ስንጥቅ ይሆን? ሁለቱም ጋ ይመስለኛል። እጄ ሙሉ ነበር፣ የብቅሉ ነገር አጣድፎኝ ነበር።"

ሰው ቅዱስ ነው ያለውን ነገር በክብር ካኖረ በኋላ የት እንዳኖረው እንዴት ይረሳል? አልጠየቅኋትም። ቄሱ "ሂድ ፈልግ ልጄ፣ እኛ አለን" አሉኝ። ስወጣ፣ ይህንም መናገር አለብኝ ብዬ ዞርኩና ቅጠሉ ከገዳሙ ሳይሆን ከገዳሙ ግርጌ ካለች ሴት አጥር መሆኑን ነገርኳቸው። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ቄሱ ግን ምንም አልመሰላቸውም። "ከገዳሙ የሚወርደውን ዝናብ ጠጥቶ የበቀለ አይደል? ይበቃል" ብለው ብርጭቋቸውን እንደገና አነሱ።

ከአጥሩ ውስጥ ያገኘሁት፣ ከቅንጭቡ ግንድ ሥር፣ ዝናብ የበላው፣ እራፊ የመሰለ ጥቁር የቅጠል ብስባሽ ነው። በላዩ ነጭ ጥጥ አብቅሏል፤ እውነተኛ ሻጋታ፣ አክስቴ ለእንግዳ የምትነግርለት። የእኔ ፈንገስ በዚያ ሥር የት እንዳለ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ባለባጃጁ ተከትሎኝ ወጥቶ ነበርና ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ አየው። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከማድቤቱ ኋላ ጣሪያው ወጣ ስለሚል ግድግዳውን ዝናብ አያገኘውም። ስንጥቁ ውስጥ ቅጠል ተጠቅጥቆበታል። ዶሮ ጎትታ ግማሹን መሬት ላይ በትናዋለች። በወረንጦ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ አወጣሁት። አብዛኛው የተጠቀለለ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ጌሾ እንደ ትንባሆ ይጠቀለላል፣ የገበያ ጌሾ ሁሉ እንደዚያ ነው። ከመካከሉ ግን አንድ ሙሉ ቅጠል ወጣ፣ ጫፉ ብቻ የተሸረፈ። ጠፍጣፋ ነበር፤ ተጭኖ የደረቀ ቅጠል እንደሚሆነው፣ እንደ ወረቀት። ነጠብጣቡ ላይ ጥቁር ነጥቦቹ አሉ።

"ተገኘ?" አለ ባለባጃጁ።

"አንድ።"

"ለአንድ ቅጠል ነው እንዲህ የላበህ?"

በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት በሩን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከባድ መኪና እስኪያልፍ ጠበቅሁና አንዱን ነጥብ ሰነጠቅሁት። የመጀመሪያው ተሰባበረ። ሁለተኛው ላይ እጄ ጸና። በማይክሮስኮፑ ሥር፣ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የተቀበረች ሆደ ሰፊ ጠባብ አፍ ያላት እንስራ ታየችኝ፤ ከአፏም ግሊሰሪኑ ውስጥ ክር የመሰሉ ቀጫጭን ዘሮች ይፈስሱ ነበር። በክሮቹ ውስጥ መከፋፈያ ግድግዳዎቹ ይታያሉ። ጭገር የሚባል ነገር የለም። እስከ እኩለ ቀን ደጋግሜ አየሁት። ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ መለስኩ፤ ሁሉም ወደ አንድ ቤት ወሰዱኝ። ከጓሯችን ፈንገስ ጋር አንድ አይደለም። የጌሾ ፈንጣጣ ሁለት ነው።

ቅጠሉ የጣራ ገዳሙ ከሆነ።

ተመራማሪዋ እንዳለችው መጣች። መኪናው መገንጠያው ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ያየሁትን ነገርኳት፣ የወረታውንና የአንበሳሜውን ናሙና፣ ያቺን አንድ ቅጠልና ሥዕሌን ሰጠኋት፤ የሆነውንም አልደበቅኋትም። ስለ ጠላው ስነግራት ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ይህ ቅጠል ከጣራ ገዳም መሆኑን በምን አወቅህ?" አለችኝ።

"ጠፍጣፋ ነው፣ ዶክተር። የገበያው ይጠቀለላል።"

"ጠፍጣፋነቱ ተጭኖ መድረቁን ነው የሚነግረን። የጓሯችሁንም ቅጠል የምታደርቀው በዚያው አይደል?"

"ነው። ግን እሱ ከሱቄ አይወጣም።"

"ወደ አክስትህ ቤት ሄዶ አያውቅም? አንድም?"

አያውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። አክስቴ ሱቄን ልትጠርግልኝ በመጣች ቁጥር እኔ የጣልኳቸውን ቅጠሎች "ጌሾ አይጣልም" እያለች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወስዳለች። ያን ያህል ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያን ያህል ጊዜም ዝም ብያለሁ።

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አውጥታ በናሙናው ወረቀት ላይ "ጣራ ገዳም" ከሚለው ጎን የጥያቄ ምልክት አደረገች። "እወስደዋለሁ፤ ጥሩ አይተሃል" አለችኝ። "ቅጠሉን ሰፌድ ላይ ያዩትን ሰዎች ጠይቅ። ማን እንደገለበጠው፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ፣ ማን ስንጥቁ ውስጥ እንዳኖረው። አንድ ሰው በእርግጠኝነት ከነገረህ ጻፍልኝ፣ ምልክቷን አነሳታለሁ። ካልሆነ ግን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ቅጠል ሁለት ነው ብዬ መመስከር አልችልም፤ ከጓሯችሁ ከሆነ የዚያው የአንዱ ፈንገስ ሁለተኛ መልክ ሊሆን ይችላል።" ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያቺን ምልክት አደርጋት ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ጠየቅሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን "ፖስታውን ስገለብጥ ሰፌዱ ባዶ ነበር" ትላለች፣ በሌላው ቀን የገበያው ጌሾ ቀድሞ እንደነበረበት ትምላለች። አክስቴ የጠላው ነገር ሲነሳ ትነሳና ትወጣለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አሁንም የጣራ ገዳም ጠላ መሆኑን ትናገራለች። አጎቴ ላሟ አተላውን ከጠጣች ወዲህ ወተቷ ጨምሯል ይሉኛል፣ ያልጠየቅኋቸውን።

ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩት። ሦስተኛዋ እናት፣ ጌሾው በተለቀመ ቀን ብቅል ይዘው ወደ አክስቴ ቤት መጥተው እንደነበር በቅርቡ ሰምቻለሁ። ሲገቡ ሰፌዱ ላይ ምን ነበር? ካኪው ፖስታ ተገልብጦ ነበር ወይስ ገና አልተከፈተም? ቅጠሎቹ ጠፍጣፋ ብቻ ነበሩ ወይስ የተጠቀለለም አብሮ ነበር? አንተም ባለባጃጁ፣ በዚያው ቀን ከማድቤቱ ኋላ ባጃጅህን ስታጥብ ነበርክ፤ ቀልዱን ለአንድ አፍታ ተወውና፣ ስንጥቁ ውስጥ ቅጠል ስትጠቀጥቅ ያየሃት ማንን ነው፣ ከሰፌዱ አንስታ ነው ወይስ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ? ቀደም ብለው የሄዱት እናትም የሚያስታውሱት ካለ፣ ትንሽ ቢሆን፣ ከዚህ የተሳሳትኩትም ቢሆን፣ በሱቄ በኩል ሲያልፉ ብቅ ይበሉና ይንገሩኝ። እኔ የነበርኩበትን ቦታ ጽፌያለሁ፤ ከበሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ። ጌሾው በተለቀመ ቀን ግን አንበሳሜ ነበርኩ፤ ከዚያ ሰፌዱ አይታይም።